እህቴን ሱባኤ ያስገባኋት እኔ ነኝ

በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ከቡሬ ገጠር እየሰበሰብሁ ፍኖተ ሰላም አከማችና ለአዲስ አበባ እጭናለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። ገበያ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፦ ሻጭና ገዢ በቀጥታ ከተገናኙ አንተ ሥራ የለህም። ስለዚህ ይኸኛውን እዚያ፣ ያኛውን እዚህ አድርገህ መካከል ላይ ትቆማለህ። ይህን ዕውቀቴን እህቴ ላይ ተጠቀምሁበት።

ታላቄ ናት። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከቡሬ አለፍ ብሎ ባለ መንደር ተድራ፣ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳይወጣላት ብቻዋን ትኖር ነበር። ብቻዋን ስል ለቀበሌ መታወቂያ እንዲመች ነው እንጂ ቤቷ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። መንደሩ ውስጥ ሰው ታመመ ከተባለ ቀድማ የምትደርስ እሷ ናት፤ አጥሚቷን በቅል ይዛ፣ ነጠላዋን አደግድጋ። የመንደሩንም የጥየቃ ታሪክ በቃሏ ታውቀዋለች። የአንዱ እግር ሲሰበር ማን በስንተኛው ቀን እንደመጣ፣ ማን ደጅ ላይ ቆሞ «እግዜር ይማርህ» ብሎ እንዳለፈ ጠይቋት፤ ሳታስብ ትነግራችኋለች።

ጡቷ ላይ ያበጠውን ነገር ዓመት ሙሉ ደበቀችን። በመጨረሻ ባሕር ዳር ወስደናት በቀዶ ሕክምና ወጣላት፤ ከዚያ ስድስት ዙር ኬሞ ታዘዘላት። ቤቴ አመጣኋት። ሚስቴ በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል አጸዳችላት፤ እኔም ብናኙ እንዳያስላት ግቢዬ ውስጥ የነበረውን በርበሬ ሁሉ አውጥቼ ሰው መጋዘን አስገባሁ። ሐኪሟ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «መድኃኒቱ በሽታውን ሲመታ የሰውነቷን ዘበኛም አብሮ ይመታል» አለኝ። «ከያንዳንዱ ዙር በኋላ አሥር ቀን ሰው እንዳይሰበሰብባት። ማንም እንዳይስማት።»

ጎጃም ውስጥ ለሰው «አትሳም» ማለትን እሱ እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረው።

ከመጀመሪያው ዙር በአምስተኛው ቀን ስድስት የመንደሯ ሴቶች መጡ። ሞኝ ነበርሁና ገብቼ ነገርኋት። «እታለም፣ ሴቶቹ መጥተዋል፤ ከደጅ ሰላም ብለውሽ ይመለሱ።»

«ከማን ደጅ ነው ሰው የሚመለሰው?» አለች። ሻሿን እያሰረች ተነሳች። ስድስቱንም ሳመቻቸው፤ እነሱም ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት፤ መቁጠሩን ተውሁት። ከመካከላቸው አንዷ ታስል ነበር። በአራተኛው ቀን እህቴን ትኩሳት ጣላት፤ ባሕር ዳር ተመልሰን ሰባት ቀን ተኛች። ሚስቴ ሰባቱንም ቀን አልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተኛች። ሐኪሙ ሲያስወጣን «ሁለተኛ እንዲህ ከሆነች አላተርፋትም» አለኝ።

እንግዲህ በሩን ያዝሁ።

ለመጣው ሁሉ «ሱባኤ ይዛለች» አልሁ። ታማለች ካልኋቸው ይገባሉ፤ ተኝታለች ካልኋቸው እስክትነቃ ይጠብቃሉ። ሱባኤ የያዘን ሰው ግን ማን ይደፍራል? ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በሩን ተሳልመው ይመለሳሉ። ያመጡትን ማርና የአጥሚት እህል ሚስቴ ትቀበላቸዋለች። አንዲት ሽማግሌ ብቻ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «አንተ ልጅ፣ እሷ ሱባኤ ከያዘች አንተ ምነው ከሳህ?» አሉኝ።

የከበደኝ የነፍስ አባቷ የመጡ ዕለት ነው።

«ልጄ፣ ሱባኤ ገባች አሉ።»

«አዎ አባ።»

«የነፍስ አባቷ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት አባ።»

«እኔ ነኝ ያስገባኋት?»

የበሩን መቀርቀሪያ ነካካሁ።

«ምናልባት ተኝቼ ሳለ ይሆናል» አሉ።

እውነቱን ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና በአጥሩ ዙረው ከጓሮው ክፍል ግድግዳ ትይዩ ቆመው ጸለዩላት። ሲሄዱ፣ «እኔ አልዋሽልህም። ከጠየቁኝ ግን መልሴን አሳጥራለሁ» አሉኝ።

ውጭው እንዲህ ተስተካከለ። ውስጡ ቀረ። ሰው መጣ ብዬ ብነግራት እንደምትወጣ አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ለእሷ ማንም አልመጣም። በዚያ ዓመት መንደሯ ኔትወርክ አልነበረውም፤ ተመቸኝ።

«ዛሬስ ማን መጣ?» ትለኛለች።

«ማንም። አጨዳ ላይ ናቸው እኮ።»

«እውነት ነው፤ አጨዳ ነው።»

አጨዳው አለቀ፤ ውቂያ ነው አልኋት። ውቂያው አለቀ፤ ጥምቀት ደርሶ ነው አልሁ። ከጥምቀት በኋላ ሠርግ በዝቶ ነው አልሁ። የቀን መቁጠሪያ አለቀብኝ እንጂ ውሸት አላለቀብኝም።

አንድ ቀን ማሩን በዳቦ ቀምሳ አፏ ውስጥ አቆየችው። «ይኼ የኛ አገር ማር ነው» አለች።

«ከገበያ ነው የገዛሁት።»

«ከማን?»

«ከባለማር ነዋ።»

ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ስወጣ ተከትላኝ መጣችና፣ «ለእህትህ ንገራት፤ ጥሩ ሳምንቷ ሲሆን እንኳ ሁለት ሰው ይግባላት» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ሐኪሙ ያለው አሥር ቀን ነው። አሥሩን ቀን አራት ወር ያደረግሁት እኔ ነኝ። እጄ ሚዛን ወደ ራሱ ማጋደል የለመደ እጅ ነው፤ ትንሽ ጨምሬ ልያዝላት ብዬ ነው።

አንዲት ባልንጀራ አለቻት፤ በአንድ ዓመት የተዳሩ፣ አጥር ለአጥር የሚኖሩ። «እሷም አልመጣችም?» ትለኛለች ድምፅዋን ቀንሳ። «አልመጣችም» እላለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለእህቴ የነገርኋት እውነት ይህ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲመጣ ባልንጀራዋ በደጄ አላለፈችም።

ከአራተኛው ዙር በኋላ መጠየቋን ተወች። እፎይ አልሁ። አሁን ሳስበው፣ ዕቃ ሊመልስ መጥቶ ሲጨቃጨቅ የቆየ ደንበኛ ድንገት ዝም ብሎ ሲወጣ ነገሩ አልቋል ማለት እንዳልሆነ ከኔ በላይ ማን ያውቃል?

የካቲት ላይ ስድስተኛው ዙር አለቀ። ደሟ ደህና ነው፣ በሽታውም አይታይም ተባልን። ሚስቴ በእልልታ ተቀበለችን። «እንግዲህ እታለም፣ ቤትሽ ላድርስሽ» አልኋት።

«የቱ ቤቴ?»

«ቤትሽ ነዋ።»

«ሞት አፋፍ ላይ ቆሜ አንድ ሰው ያልጠየቀኝ ሴት በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? ምን እንደበደልኋቸው ባውቅ ጥሩ ነበር» አለች። አላለቀሰችም። እጇን እያገላበጠች ታየው ነበር፤ ጥፍሮቿ ከመድኃኒቱ የተነሳ ጠቁረዋል።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ነገ እነግራታለሁ አልሁ፤ ነገም ነገ እነግራታለሁ አልሁ። እሷን ሳይሆን ፊቷን ፈራሁት። ዋጋ እስኪወጣ ብዬ ያከማቸሁት በርበሬ ሲሻግት ከሽታው አውቃለሁ፤ ይኼኛው ግን ሲሻግት አልሸተተኝም።

በየሦስት ወሩ ለምርመራ እንድንመለስ ታዘን ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ «ደህና ነኝ» ብላ ቀረች። በሁለተኛው ክረምቱን ሰበብ አደረገች። ወገቧን ያማት ጀምሮ ነበር፤ ደበቀችን። መስከረም ላይ ሚስቴ አልቅሳ ወሰደቻት። አጥንቷ ውስጥ ገብቷል፤ ጉበቷንም ነክቷል። ሐኪሙ ዕድሜ የሚጨምር መድኃኒት አለ፣ አሁኑኑ እንጀምር አለ። እህቴ በትሕትና አመሰገነችውና አይሆንም አለችው።

«ለምን?» አልኋት መኪና ውስጥ።

«ለማን ብዬ?» አለች።

መራዊ ሳንደርስ ነገርኋት። ሱባኤውን፣ ማሩን፣ የነፍስ አባቷን፣ ሁሉንም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ስጨርስ፣ እጄን ይዛ መታ መታ አደረገችኝ፤ ሕፃን ሳለሁ እንደምታደርገው።

«ነጋዴ ነህ ወንድምዓለም» አለችኝ። «የገዢ ፊት ሲጠቁር ዕቃ ታሳምራለህ። ገባኝ፤ ተወው።»

ስንት ጊዜ የነቀዘ እህል ደህና ነው ብዬ ሸጫለሁ። እውነት ተናግሬ ያልተገዛልኝ ያን ቀን ነው። ለሳምንታት ለመንኋት፤ ሚስቴም መሰከረችልኝ። «እሷም ያንተው ሚስት ናት» አለች።

በመጨረሻ መንደሯ ሄድሁ። ሴቶቹን ሰብስቤ ጥፋቴን ስናገር አንዷ ተነስታ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን መታችኝ። ሌላዋ «በእግዜር ስም ነው የመለስኸን» አለች። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ለመሄድ ተነሱ። ባልንጀራዋ ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ምንም አልጠየቅኋት፤ ከሴቶቹ ጋር መኪናው ውስጥ ገባች።

የጓሮው ክፍል ሞላ። እህቴ በትራስ ተደግፋ አየቻቸው፤ ደስ ያላት አይመስልም። «ለምኖ አመጣችሁ?» አለች።

«ይለምን? እሱን ተይው፤ ገና እንገለዋለን» አለች በነጠላዋ የመታችኝ። «እኔ ሦስት ጊዜ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ሱባኤ ናት አለኝ። ሁለተኛ ሱባኤ ናት አለኝ። ሦስተኛ ላይ፣ ‹ይኸን ያህል ምን ኃጢአት ቢኖርባት ነው?› ስለው በሩን ዘጋብኝ።»

እህቴ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።

«መጀመሪያ መቼ መጣሽ?» አለቻት።

«አጨዳሽን የጨረስን ዕለት። ጤፍሽ ገባልሽ ልንልሽ።»

«የማን ጤፍ?»

«ያንቺ ነዋ። ማን አጨደልሽ መሰለሽ? ወንድምሽ? ማጭድ ቢይዝ እጁን ነው የሚቆርጥ።»

ሳቁ። እህቴ አልሳቀችም፤ ግን ቀና ብላ ተቀመጠች። አንድ በአንድ ትጠይቃቸው ጀመር። አንቺስ መቼ መጣሽ? ከማን ጋር? ምን አለሽ? ምን ይዘሽ? አራት ወሩን አንድም ቀን ሳይቀር ልትሰበስበው ፈልጋ ነበር። እነሱም ነገሯት። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ የገዛ ውሸቴን በሌላ ሰው አፍ ሰማሁት፤ አንዳንዱን ረስቼው ነበር። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁ። ሲደክማት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እነሱ ሲያቆሙ ግን «ቀጥሉ» ትላለች።

ባልንጀራዋ ጥግ ላይ ነበረች። መጨረሻ ላይ ደረሳት።

«አንቺስ?» አለቻት እህቴ።

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ነጠላዋን በጣቶቿ ጠቀለለችው።

«እሷን ሁለት ጊዜ መልሻታለሁ» አልሁ። «ሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበር። ግቢ እንኳ ሳላስገባ መለስኋት። እሷን ካስገባሁ ሌላውን መከልከል አልችልም ብዬ ነው።»

እህቴ ወዲያው አመነችኝ። እንዲያ ስትቆጣኝም ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋት። «በዝናብ?» አለችኝ። «እሷን? ምን ዓይነት ሰው ነህ?» እጇን ዘረጋችላት፤ ባልንጀራዋም መጥታ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

በማግስቱ «ባሕር ዳር ውሰደኝ፤ መድኃኒቱን እወስዳለሁ» አለች። ወሰድኋት። ሐኪሙ መረመራትና እኔን ብቻ ወደ ውጭ ጠራኝ። አሁን ሰውነቷ አይችለውም አለ። መስከረም ላይ ብትጀምር ኖሮ ይቻል ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ትከሻዬን ይዞ ቆመ።

ወደ ገዛ ቤቷ መለስናት። በደረስን ዕለት ባልንጀራዋ በአጥሩ ሥር ጠብቃ ያዘችኝ።

«ለምን እንደዚያ አልኽላት?»

ወደ እህቴ ደጅ አየሁ።

«እናቴ በዚሁ በሽታ ነው የሞተችብኝ» አለች። «አንድ ጊዜ ተነስቼ ነበር። መናኸሪያው ደርሼ ተመለስሁ። እንደዚያ ሆና ላያት አልቻልሁም።»

እህቴ ከውስጥ ጠራቻት። እንባዋን ጠርጋ ገባች።

ከዚያ በኋላ እህቴ አሥራ አንድ ቀን ነው የቆየችው። ባልንጀራዋ አሥራ አንዱንም ቀን ከአልጋዋ ሥር አልተነሳችም። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መንደሩ ሁሉ እኔን ሳይጠይቅ እየገባ ይስማታል፤ እየሳመ ይወጣል።