የቅዳሜ ፊልምና የእትዬ ዓይን

ሶፋ ሰሪው ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። ለሰው መቀመጫ እየሠራ ዕድሜውን ፈጅቶ እሱን ግን ወንበር ይቆረቁረዋል። ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ስልክ ሲያወራ ግቢውን ይዞራል፤ ቀጠሮ ያለው ቀን አንድ ሰዓት ቀድሞ ደርሶ በር ላይ ይንጎራደዳል። ታላቅ እህቱ ገና በልጅነቱ «እንዝርት» ብላ ስም አወጣችለት። አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላውም ስሙ ልክክ እንዳለበት ነው።

በሳምንት ውስጥ እንደ ምንም ብሎ ሁለት ሰዓት የሚቀመጠው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሲኒማ ቤት፣ ከእህቱ ጎን ነው። ያኔም ቢሆን እግሩ አያርፍም፤ ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ዞሮ እስኪገላምጠው ድረስ ይርገበገባል።

ልማዱ የተጀመረው የእህቱ ባል የሞተ ጊዜ ነው። ልጅ አልነበራቸውም። እሷ በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ስልክ ተቀባይ ናት። «ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ድምፅ እየሰማሁ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ግን ቤቱ ዝም ይለኛል» አለችው አንድ ቀን። ወንድሟ ማጽናናት አያውቅበትም። ሲጨንቀው «ተነሺ፣ ፊልም እንይ» አላት። ይኸው ሦስት ዓመታቸው።

ፊልሙስ ሰበብ ነው። ዋናው ነገር ከሲኒማ ቤቱ እስከ እሷ ቤት ያለው የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። እሱ የሚያየው ዕቃ ዕቃውን ነው። «ባለጸጋ ነው ይሉናል፤ ሶፋው ግን ሞላው ወጥቶ የሰው ቂጥ ሊወጋ ደርሷል» ይላል። እሷ የምትይዘው ሰው ሰውን ነው። «ሶፋህን ተወውና፣ ሰውየው ሲዋሽ ድምፁ እንዴት እንደሚቀጥን ሰማህ?» ትላለች። እሱ ያወደሰውን እሷ ታጣጥላለች፤ እሷ ያለቀሰችለትን እሱ ይስቅበታል። ደጃፏ ሲደርሱ ሁለቱም አልተረቱም። ለሳምንት ይቀጣጠራሉ።

አንድ ቅዳሜ የባልና ሚስት ፊልም አዩ። መጨረሻው ላይ ሚስትየዋ ቃል ሳትተነፍስ ቀለበቷን ታወልቅና ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ትወጣለች። የሶፋ ሰሪው እግር እንኳ ለአንድ አፍታ ቀጥ አለ።

«እንዴት ያለ አጨራረስ ነው!» አለ ደጅ እንደወጡ።

«የቱ አጨራረስ? ተንጠልጥሎ ቀረ እንጂ የት አለቀ?» አለች እህቱ። «ሄደች? ትመለሳለች? ጉዱን ለእኛ ትተውት መብራት አበሩ። ስንፍና ነው።»

«ቀለበቱን መስኮቱ ላይ ትታ ሄደች እኮ፣ እትዬ! ከዚህ ወዲያ ምን ትበል?»

እህቱ እርምጃዋን ፈጠን አደረገች። «እሱንማ አየሁት፤ ግን አልነካኝም» አለችና ስለ ሙዚቃው ማውራት ጀመረች።

ምርጫዋ ነው ብሎ አለፈው። ነገሩ ግን ጥርስ ውስጥ እንደገባ ሥጋ ሲነካካው ሰነበተ። እትዬ ሴት ከቤቷ ስትወጣ አይታ «አልነካኝም» የምትል ሰው አይደለችም።

ከዚያ ወዲያ ሳይፈልግ ያስተውላት ጀመር። ድሮ መሃል ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ አሁን አንገቴን አመመኝ ብላ የመጨረሻው ረድፍ ካልሆነ አለች። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ካልገባን ትላለች። ደረጃ ሲወርዱ እጅጌውን ትይዛለች። ቅልጥሟ በልዞ ሲያይ «የአውቶቡስ ደረጃ ነው» አለችው። አንድ አስቂኝ ፊልም ሲያዩ ደግሞ አዳራሹ ስቆ ሲያበቃ እሷ ብቻዋን ሳቀች። አንድ በአንድ ቢቆጠሩ ኢምንት ናቸው። ሲደማመሩ ግን ሶፋ ሰሪው በጣቱ እየቆጠረ ግቢውን ይዞር ጀመር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የሌባና ፖሊስ ፊልም አዩ። ሲወጡ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ፣

«መቼም መጨረሻ ላይ ጥግ ይዛ የቆመችው ቀይ መኪና ታምራለች» አለ።

«ውይ፣ ቀይዋ!» አለች እህቱ ሳትዘገይ። «እንደ እሷ ያለች መኪና ብትኖረኝ ዕድሜ ልኬን በእግሬ አልሄድም ነበር።»

በፊልሙ ውስጥ ቀይ መኪና የሚባል ነገር አልነበረም።

ሶፋ ሰሪው ውሸቷን ስለያዘባት ደስ አላለውም፤ የገዛ እህቱን ኪስ የበረበረ ያህል አፈረ። ከቤቷ አድርሷት ሲመለስ ሁለት ጊዜ መንገድ ሳተ።

ሰኞ ሥራ አልሆነለትም። ከፈይ ፀጉር ያለው ጨርቅ ነው፤ ወደ ታች ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት መልኩን ይለውጣል። ለአንድ ሶፋ ስድስት መከዳ ሲቆርጥ ሁለቱን ገልብጦ ቆረጣቸው። አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ ሸሪኩ መከዳዎቹን ደርድሮ ዓይኑን አጨንቁሮ አያቸውና፣

«አራቱ ተኝተዋል፣ ሁለቱ ቆመዋል። ማነው ያስደነገጣቸው?» አለው።

«እኔ ነኝ» አለ ሶፋ ሰሪውና መቀሱን አስቀምጦ ወጣ። ግቢውን ዞረ። ተመለሰ። ደግሞ ወጣ። ማክሰኞም እንዲሁ ዋለ። ረቡዕ ማታ ከሥራ የምትገባበትን ሰዓት ጠብቆ ቤቷ ሄደ።

ገና ሲገባ አንድ ነገር ጎደለበት። ለሠርጓ የሠራላት ባለከፈይ ዱካ ሁልጊዜ ከሶፋው ፊት ለፊት ነበር የሚቀመጠው። አሁን በበረንዳው ጥግ፣ ከመጥረጊያው ጎን ተወሽቋል።

«ዱካው ምን በደለሽና ነው ደጅ ያሳደርሽው?»

«ቦታ ያዘብኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ያልያዘውን ቦታ ዛሬ ያዘ?»

እህቱ ጓዳ ገብታ የውኃ ማፍያውን አጥፍታ ተመለሰች። «ቁጭ በል» አለችው።

«አልቀመጥም።»

«እንግዲያው እየዞርክ ስማኝ። ቀይ መኪና አልነበረችም፣ አይደል?»

ክው አለ።

«ሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍሏን ልጅ ጠየቅኳት። ፊልሙን አይታዋለች። "የምን ቀይ መኪና?" አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ስቃጠል ሰነበትኩ። አታለለኝ ብዬ እንዳይመስልህ፤ አወቀብኝ ብዬ ነው።»

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታህን ለራስህ ያዘው። እንደ አይጥ ከምታጠምደኝ አፍ አውጥተህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር?»

አሰበች። «አልነግርህም ነበር» አለች።

ከዚያ ነገረችው። ከዓመት በላይ ሆኗታል። አያማትም፣ አይቀላም። ፊት ለፊቷን አጥርታ ታያለች፤ ግራና ቀኟ ግን ቀስ በቀስ እየጠበበ መጣ። «ጨለማ እንኳ አይደለም። ጨለማማ ቢሆን አውቀው ነበር። እንዲሁ የለም» አለች። መጀመሪያ የበር ጉበን ገጫት፤ ቀጥሎ መንገድ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተጋጭታ «አታይም እንዴ?» ብላ ጮኸችበት፤ ቤት ገብታ ስታስበው ያላየችው እሷ ነበረች። ፊልሙን ከኋላ ረድፍ የምታየው ሸራው ራቅ ሲል እሷ በቀራት ቦታ ውስጥ ስለሚገባላት ነው። ያም ሆኖ ዳሩ ያመልጣታል። ቀለበቱም ያመለጣት እንደዚያ ነው። ዱካውንም ደጅ ያወጣችው ቅልጥሟ እስኪበልዝ ስለተደናቀፈችበት ነው።

«ሐኪምስ?» አለ ወንድሟ።

«ሐኪም ዘንድ ከሄድኩማ እውነት ሆነ ማለት ነው» አለችው። «አየህ፣ ከዚያ ስልክ ፊት ቢያነሱኝስ? ባሌን ቀበርኩ። ሥራዬንም ከቀበርኩ ከዚህ ቤት ጋር ምን ተባብለን ልንውል ነው?»

ሶፋ ሰሪው በክፍሉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ሳያስበው ሶፋው ላይ ዘፍ አለ።

ሐሙስ ጠዋት የዓይን ሕክምና ቤት ሄዱ። የመቆያ ክፍሉ ሰው ሞልቶታል። እሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ጽሑፎች ሁሉ አንብቦ ጨረሰ፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ አሥራ አንድ እርምጃ መሆኑን አወቀ። ተራቸው ሲደርስ እህቱን ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ከሚመስል መሣሪያ ፊት አስቀመጧትና አንድ ዓይኗን ሸፈኑላት። በእጇ ቁልፍ ያዘች። ውስጡ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፉን መጫን ነው።

ሶፋ ሰሪው ጥግ ላይ ቆሞ ሰማ። ቀጭ። ቀጭ። ከዚያ ዝምታ። ብርሃኑ እየበራ እንደሆነ ያውቃል፤ እሷ ግን አትጫንም። ዝምታው ረዘመ። «በይ፣ ተጫኚው» አለ በሆዱ፤ ጣቱን በገዛ መዳፉ ላይ እየተጫነ። ቀጭ። ደግሞ ዝምታ። በሕይወቱ ያን ያህል ሳይንቀሳቀስ የቆመበትን ቀን አያስታውስም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ነገር አታድበሰብስም። «ግላኮማ ይባላል። የዓይን ውስጥ ግፊት ነርቩን ይጎዳዋል። የጠፋብዎት አይመለስም» አለች። «የቀረዎትን ግን በጠብታ ልንጠብቀው እንችላለን። ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳይዘሉ።» እህቱ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላለቀሰችም። ሐኪሟ ወደ ሶፋ ሰሪው ዞረች። «ወንድሟ ነዎት? ይህ በሽታ በቤተሰብ ይሄዳል። እርስዎም ይመርመሩ።»

«እኔ? እኔ እንኳ ዝንብን ከነቅንድቧ አያለሁ» አለ።

እህቱ በማግሥቱ ለአለቃዋ ራሷ ነገረችው። ስትፈራው የኖረችው ነገር አልደረሰም፤ ሰውየው «ስልክ የሚነሳው በጆሮ ነው» ብሎ ጠረጴዛዋን ሰው ከሚተላለፍበት ኮሪደር ወደ ውስጥ አስገባላት። ወንድሟ ግን የባሰ ዕረፍት ነሳት። ጠዋት ይደውላል፦ «ጠብታውን አደረግሽ?» ማታ ይደውላል፦ «አደረግሽ?» ሲኒማ ቤት ደግሞ የሚያየውን ሁሉ በጆሮዋ ያንሾካሹክላት ጀመር። «አሁን ተነሳ። ኮት ለበሰ። ኮቱ ቡናማ ነው። በግራ ድመት አለች።» ከፊት ያሉት ሰዎች ዞረው አፈጠጡባቸው። እህቱ ጭኑን ቆነጠጠችው። «ድመቷን ለእኔ ተዋት። የፈለግኩትን እጠይቅሃለሁ።»

እሱ ግን ለምርመራ አልሄደም። አንድ ሳምንት ትእዛዝ በዛብኝ አለ፤ አንድ ሳምንት ሸሪኬ ታሞ ነው አለ። እንዲህ እያለ አምስት ሳምንት አለፈ። በስድስተኛው እህቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሥራ ቤቱ ድረስ መጣች። የስፖንጁ ቁርጥራጭ መሃል ቆማ፣

«የእኔን ጠብታ በደቂቃ ትቆጣጠራለህ፤ የራስህን ዓይን ለማን ነው የተውከው? ቅደም» አለችው። ሸሪኩ ሳይጠየቅ መቀሱን ከእጁ ወሰደ።

መሣሪያው አገጭን አስደግፎ፣ ዓይንን አንድ ነጥብ ላይ ተክሎ መቀመጥን ይጠይቃል። ለእንዝርት ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም። ባለሙያው «ጌታዬ፣ አይንቀሳቀሱ» አለው። እግሩ ተርገበገበ፤ ወንበሩ ተነቃነቀ፤ ምርመራው ተቋረጠ። እንደገና ተጀመረ፤ እንደገና ተቋረጠ። ሦስተኛው ላይ እህቱ ከበሩ ገብታ ከጎኑ ቆመችና ጉልበቱ ላይ እጇን አሳረፈች። «በቃ፣ አንተ ልጅ። እዚህ ነኝ» አለች። በሽተኛዋ እሷ ሆና ሳለ አጽናኟም እሷ መሆኗ ሆዱን አባባው። ቢሆንም እግሩ ቆመለት።

በሽታው በግራ ዓይኑ ዳር ላይ ጀምሮታል። ገና ነው፤ ሐኪሟ እንዳለችው እንዲህ በጊዜ ባይታይ ኖሮ ለዓመታት አያውቀውም ነበር። ለራሷ አንዲት እንባ ያልጣለችው እህቱ ለእሱ ሲሆን ኮሪደሩ ላይ ቆማ አለቀሰች። እሱ መሐረብ ፈልጎ ኪሶቹን ሁሉ ፈተሸና ያገኘው የከፈይ ቁራጭ ብቻ ነበር። በእሱ ጠረገላት።

አሁን ሁለቱም ጠብታ ያደርጋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜም ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው ፊልም ያያሉ። ባለፈው ሳምንት ያዩት ስለ አንድ ሽማግሌ አባትና ከቤት ስለጠፋች ልጁ ነበር። እህቱ ሰውየው ልጁን ይወዳት ነበር አለች፤ እሱ አይወዳትም አለ።

«ልጅቷ ስትመጣ ፊቱን አዙሮባት የለም?»

«ፊቱን አዞረ? መቼ?» አለች ያለ ምንም ሐፍረት።

«በሩ ላይ። እሷ ስትገባ እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ።»

«እንባውን ሊደብቅ ይሆናላ» አለች። «ድምፁን አልሰማህም እንዴ? እንደዚያ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ያለው ሰው ነው የማይወዳት?»

ድምፁን ልብ አላለውም ነበር። አላመነላትም እንጂ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስለው ሄደ። ደጃፏ ላይም አልተስማሙም።

ብቻውን ሲመለስ አንድ አዲስ ልማድ አለው። ሰው አለመኖሩን አይቶ ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ፊት ለፊት እያየ አውራ ጣቶቹን ያወዛውዛል። ቀኙ አለ። ግራውም አለ። አሥር እርምጃ ሳይሄድ አላምን ይልና ደግሞ ይዘረጋል።