የባለ ደወሉ ቢላ ጫፍ

ስለ ቢላ ማውራት የምትወድ ሴት አይተን አናውቅም ይሉኛል። ይኸው እኔን ይዩ። ሰው ቤት ለምሳ ተጠርቼ እንኳ ከወጡ በፊት ሽንኩርቱ የተከተፈበትን ቢላ ነው የምፈልገው። ዶልዱሞ ካገኘሁት ለዚያ ቤት አዝናለሁ፤ ስል ከሆነ ደግሞ ባለቤቲቱን ሳላውቃት እወዳታለሁ። ይህን ጠባይ የወረስሁት ከአባቴ ነው።

ያደግሁት ጎንደር፣ ቁስቋም ነው፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት። አባቴ አዳኝ ነበር። በበጋ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ አንዳንዴም ወደ ስሜን ወጥቶ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሰንብቶ ይመለሳል። ወንድ ልጅ አልወለደም። ስለዚህ ከአደን ሲገባ ቢላዎቹን አጥቦ፣ በሞረድ ስሎ፣ ቅቤ አስነክቶ ወደ አፎታቸው የመመለሱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። በአገራችን ሴት ቢላ ትስላለች እንጂ አታርድም። ወንድ የሌለበት ቤት ያለች ሴት ለአንዲት ዶሮ ስትል መንገድ ዳር ወጥታ አላፊ አግዳሚውን ትለምናለች። እኔ ግን የማርድበት ጉዳይ አላሳሰበኝም፤ ስለቱ ነበር የማረከኝ። እናቴ «ሴት ልጅ ሞረድ ታቅፋ ውላ ማን ያገባታል?» ትላለች። አባቴ «ብረት የሚያውቅ» ይላታል። በኋላ ያገባኝ ሰው ብረት አያውቅም ነበር፤ ሸጋ ሰው ነበር ግን።

ያን ጊዜ የውጭ አገር ቢላ የሚታወቀው በማተሙ ነው። የፈረንጅ ፊደል የሚያነብ ጥቂት ስለነበር ሰው ሁሉ ስለቱ ሥር የተቀረጸውን ሥዕል እያየ ስም ያወጣለታል። ባለ ኮከብ፣ ባለ ዓሣ፣ ባለ አጋዘን ይባላል። ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ከተማ እንደተሠራ የሚጠይቅ አልነበረም። ሥዕሉን ካወቅህ ጠባዩን ታውቃለህ።

እኛ ቤት ሦስት ነበሩ። ባለ ኮከቡ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ዕቃ የተገኘ ነው። ቶሎ ይሳላል፣ ቶሎ ይረሳል። አምስት ጊዜ ሞረድ ላይ ብታመላልሰው ፀጉር ይላጫል፤ ሁለት ዳቦ ካስቆረጥኸው በኋላ ግን ሦስተኛውን ይቦጫጭቀዋል። ቢሆንም አልንቀውም ነበር፤ እጀታው መዳፍ ውስጥ እንደሱ የሚገጥም ቢላ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ባለ ዓሣው የጀርመን ሰንጢ ነው፤ አባቴ ፒያሳ ካለው የየመን ነጋዴ ሱቅ የገዛው። እጀታው ቀንድ ሆኖ ሁለት ስለትና አንድ ወስፌ ነበረው። ስትዘጋው ቀጭ ይላል፤ ልክ በአንድ ድምፅ፣ ሁልጊዜ ያው። ብረቱና ቀንዱ በተገናኙበት ላይ ጥፍሬን ብሰድ ምንም አያደናቅፈኝም። ይህን የሠራ ሰው በሩቅ አገር ተቀምጦ እኔን ሳያውቅ ለእኔ ተጠንቅቋል ብዬ አስብ ነበር። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው የማስበው።

የቤቱ ንጉሥ ግን ባለ ደወሉ ነበር። አንድ የእንግሊዝ መኮንን አባቴ ስሜን ተራራ ላይ መንገድ መርቶት ሲለያዩ ከወገቡ ፈትቶ የሰጠው የአደን ቢላ ነው። አያብረቀርቅም፤ ሎሚ ሲነካው ይጠቁራል፤ ቅቤ ካልቀቡት በክረምት ይዝጋል። ለመሳልም እልኸኛ ነው፤ ግማሽ ቀን ያስቀምጥሃል። አንዴ ከተሳለ ግን አንድ ሙሉ በሬ ገፍፎ፣ ብልት በብልት አውጥቶ፣ ከፋፍሎ፣ ማታ ላይ ክንድህ ላይ ብታስኬደው ገና ፀጉር ያነሣል። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ የሾለ ነበር፤ አባቴ ያንን ጫፍ ለእንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር።

ባለ አጋዘኑ የጎረቤታችን ነው። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ ወታደር፣ የአባቴ የአደን ጓደኛና የዕድሜ ልክ ተከራካሪ ነበር። እኔ አያ እለዋለሁ። ቢላው ጀርመን ሠራሽ ሆኖ እጀታው የአጋዘን ቀንድ ነው። ሁለቱ ሰዎች በየበዓሉ ከደጃፋችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቢላ ያወዳድራሉ። ክንዳቸውን ይላጫሉ፣ የሲጋራ ወረቀት ይሰነጥቃሉ፣ ዳኛዋ እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ባለ አጋዘኑ በስለት አያንስም ነበር። በጽናት ግን ባለ ደወሉን አይደርስበትም፤ ይህንንም ፊት ለፊት እነግረው ነበር። «ልጅቷን አበላሸሃት፤ የአባቷን ወገን ትይዛለች» ይላል። «የለም፣ የብረቱን ወገን ነው የምትይዘው» ይለዋል አባቴ።

ሰፈራችን ለፋሲካ በቅርጫ አንድ ትልቅ በሬ ይጥላል። ገፋፊውም መዳቢውም አባቴ ነበር። መዳቢነት ቀላል ነገር አይደለም። ሥጋው እኩል እኩል ተደርጎ በቅጠል ላይ ይደረደራል፤ ከዚያ ዕጣ ይጣላል፤ አንዱ መደብ ከሌላው ከበለጠ ቂሙ እስከ መስከረም ይቆያል። አባቴ በመደበበት ዘመን ሁሉ ቅር ያለው ሰው አልሰማሁም። ቆዳው ደግሞ ለደብሩ ይሰጣል፤ ከበሮ ይጠፈርበታል። የተበሳ ቆዳ ከበሮ ስለማይሆን ሳይበሳ የሚገፍፍ ሰው ይከበራል። አባቴ መሬት አልነበረው፣ ሹመት አልነበረው። ሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ የሚሄደው በዚህ ነበር።

አንድ ፋሲካ ላይ ቆዳው አንድ ቦታ ተበሳ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ቦታ ተበሳ። አባቴ ብረቱን ወቀሰ። መጀመሪያ አሳሳልሽ ነው አለኝ፤ ቀጥሎ ባለ ደወሉ አርጅቷል አለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤታችን የቢላ ሱቅ መሰለ። ባለ ጋሻ የሚባል የማይዝግ፣ መስታወት የሚመስል ቢላ መጣ፤ ሞረድ አይነክሰውም፣ ካልነከሰው ደግሞ እንዴት ይሳላል? እንደገና ባለ ኮከቡ ተመዘዘ። ፍየል ባረደ ቁጥር አንዱን ያነሣል፣ ሌላውን ይጥላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው፤ እኔ ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሰንጢውን ለመክፈት ይታገላል። ስለቱ ላይ ያለችውን የጥፍር መያዣ ይስታታል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። አውራ ጣቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ ሰንጢውን ሳይከፍት ኪሱ ከተተና «ዛሬ ነፋሱ አየለ» አለኝ። ነፋስ የሚባል አልነበረም። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም መካከል ሰፈሩ ቁርጡን ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አባቴን በአክብሮት አስቀምጠው፣ ዘንድሮም ቆዳው ከተበሳ የገፋፊነቱን ቢላ ለጎረቤታችን እንዲለቅ ለመኑት። አያ እዚያው ነበር፤ አፉ አያርፍምና «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» ብሎ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ቤት ገብቶ «በባለ ደወሉ ነው የምገፍፈው፤ በደንብ አድርገሽ ሳይልኝ» አለኝ።

እኔ ምን እንደማደርግ ጨነቀኝ። የባለ ኮከቡ እጀታ ላልቶ ስለነበር እሱን ለማሠራት ሰበብ አድርጌ ከከተማው ወጣ ብለው ወደሚኖሩት ቀጥቃጮች ሄድሁ። ከተማው ሁሉ የሚያርሰውና የሚቆርጠው በእነሱ እጅ ሥራ ነው፤ ግን ዓይናቸው ይፈራ ነበር። እናቴም ከቤታቸው ውኃ እንኳ እንዳልቀምስ አስምላ ነው የሰደደችኝ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ፤ እንዲያ ያለ እጅ ያለው ሰው ሊመረቅ ነበር የሚገባው።

ሽማግሌው ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራው ቢላ ከፊቱ ተቀምጧል። አነሣሁት። ማተም የለው፣ ጌጥ የለው፤ ስለቱ ግን ከባለ ደወሉ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆም ነበር። ጫፉ ግን የለም፤ እንደ ማንኪያ ክብ ነው።

«ምነው ጫፉን አደነዘዙት?» አልሁት።

«ይህ የመግፈፊያ ነው፣ ልጄ» አለኝ። «ቆዳ የሚበሳው ጫፍ ነው እንጂ ስለት አይደለም። እጅ ቢስትም ጫፍ ከሌለ ምን ይበሳል?»

ልገዛው አስቤ ነበር። ግን አባቴን አውቀዋለሁ። ማተም የሌለው ቢላ ይዞ በሰፈሩ ፊት ከሚቆም ቢላውን ቢለቅ ይመርጣል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያስቸግራል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ባለ ደወልን ያህል የለም ሲል ኖሯል። ስለዚህ የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር።

በስቅለት ቀን ቤታችን ስለት አይነካም። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቄሶቹ ቄጠማ እያደሉ በየቤቱ ሲዞሩ፣ ባለ ደወሉን ይዤ ከጓሮ ሻካራው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ያንን የተወደደ ጫፍ ድንጋዩ ላይ ሳስነካው እጄ እምቢ አለኝ። ከእንግሊዝ አገር መጥቶ፣ ተራራ ወጥቶ ወርዶ፣ አንዴም ሳይሸረፍ የኖረ ጫፍ ነው። ፈገፈግሁት። የጣት ጥፍር ያህል ካነሣሁለት በኋላ አከበብሁት፤ ከዚያም ከጀርባው እስከ ሆዱ ድረስ በወንዝ ድንጋይ አለሰለስሁት። ሲያልቅ አስቀያሚ አልነበረም። ግን ሌላ ቢላ ነበር። አፎቱ ውስጥ ከትቼ ለአባቴ ስሰጠው መዝዞ አላየውም፤ እምነቱ በእኔ ላይ ነበርና።

እሑድ ጠዋት በሬው ተጣለ። ሴቶቹ ትሪ ይዘው ራቅ ብለው ይጠብቃሉ፤ እኔ ሞረድ አቀባይ ስለሆንሁ ቀረብ ብዬ ቆምሁ። አባቴ በስመ አብ ብሎ ያረደው በሌላ ቢላ ነበር። ለመግፈፍ ሲቀመጥ ባለ ደወሉን መዘዘ። አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እዚያው ሊጮህብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ዝቅ ብሎ ቆዳውን ያዘና መግፈፍ ጀመረ።

ያን ቀን ያየሁትን ሥራ በሕይወቴ አልረሳውም። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን እኔ ብቻ ሳልሆን ሁሉም ሰው አየው። ክቡ ብረት ግን በቆዳውና በሥጋው መካከል እየተንሸራተተ፣ እጁ በሳተ ቁጥር ቆዳውን ገፋ አድርጎ ያልፈዋል እንጂ አይበሳውም። የቀረውን የሠራው የአርባ ዓመት ልምዱ ነው። የት እንደሚጠበቅ፣ የት እንደሚላላ ያውቅ ነበር። ሲጨርስ የደብሩ ገበዝ ቆዳውን ከሌላ ሰው ጋር ይዞ ወደ ፀሐይ አነሣው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልነበረም። ሰው ሁሉ እልል አለ።

አያ ክፉ ሰው አልነበረም። ጠጋ ብሎ የአባቴን ትከሻ ያዘና «እንግሊዝ ብረት ያውቃል፤ ተረታሁ» አለ።

አባቴ ቢላውን ወደ ላይ አነሣው። «ጫፉን እዩት» አለ። «እንግሊዝ አይደለም። ልጄ ናት የቆረጠችው። እጄ ነው የከዳኝ፤ እኔ ብረት ሳማ ኖርሁ።» ከዚያ ወደ አያ ዞረና «ከዛሬ ጀምሮ አንተ መድብ። ሸጋ አድርገህ መድብ» አለው።

አያ ባለ አጋዘኑን ከወገቡ ሊመዝዝ ጀምሮ ተወው። እጁን ዘርግቶ «እንግዲያው በዚሁ ልመድብ» አለና ጫፍ የሌለውን ባለ ደወል ከአባቴ ተቀበለ። አባቴም ሄዶ ከሌሎቹ አባወራዎች ጋር ቆመ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ዕጣውን ጠበቀ። እኔ ያዳንሁለትን ክብር በራሱ አፍ አውጥቶ ጣለው፤ ተናድጄበት ነበር፣ ደግሞም እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

ድርሻችንን ትሪ ላይ ይዤ ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ከደጃፋችን ሳንደርስ ቆመ።

«ታውቂ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ፈርቼ።»

ትሪውን ከእጄ ሊቀበለኝ ፈለገ፤ የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ዘረጋ፤ ሰጠሁት።

«እኔም ፈርቼ ነው» አለ። «ከአንቺ በፊት ነው ያወቅሁት።»