ተቅዋና የብርሃን ድስቷ

ተቅዋ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገች፣ የጭነት መኪና ሾፌር ልጅ ናት። አባቷ አቶ ሙሀመድዘይን «ልጄ ብርሃን ትመዝናለች» እያሉ ለጎረቤት ሲያወሩ የሰማ ሁሉ ይስቃል። እሳቸው ግን አልተሳሳቱም። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው፣ የድሮ መጽሐፎቻችን ኤሌክትሪክን «ከፊል አስተላላፊ» ከሚሉት፣ ከስንዴ ቅንጣት ከሚያንስ ነገር ብርሃን ማውጣትን ነው። ከጓደኛዋ ከሮሪሳ ጋር ሆና ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል የማይቃጠል አምፖል ሠርታለች።

የቀራት መለካት ነበር። የአምፖል ብርሃን በትክክል የሚለካው ውስጡ ባዶ በሆነ ሉል ውስጥ ተዘግቶ ነው። ከውጭ የሚመጣው ሉል ደግሞ የዩኒቨርሲቲው አቅም የሚችለው አልነበረም። አማካሪዋ ቁርጡን ነገሯት፤ «እስከ ወሩ መጨረሻ የተለካ ቁጥር ካላመጣሽ አምፖሉን ትተሽ ሌላ ርዕስ ትይዣለሽ።» የሁለት ዓመት ልፋት!

ሌላው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ ወደ አቃቂ ሄደች። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ፋብሪካ ውስጥ ላሜራ ሲያጎብጡ ኖረው ከጡረታ በኋላም መዶሻቸውን ያላስቀመጡ ጋሽ ሳህሌ አሉ። የሉሉን ሥዕል ዘርግታ አስረዳቻቸው፤ ሁለት ጎድጓዳ፣ ሲገጠሙ አንድ ኳስ። ውስጡ ምን ይምሰል ብለው አልጠየቋትም፤ እሷም አልነገረቻቸውም።

በሳምንቱ ስትመጣ ጋሽ ሳህሌ በኩራት ጨርቁን ገለጡት። «እስቲ እዪ!»

ተቅዋ የራሷን ፊት አየች። የሁለቱም ጎድጓዳ ውስጥ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።

«ሦስት ቀን ወለወልኩት። እኔም እኮ እስከ ስድስተኛ ተምሬያለሁ! ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል፤ መስታወት ሲያገኝ ይመለሳል። ለብርሃን ዕቃ ታዲያ መስታወት ነው እንጂ!»

የምትፈልገው ሸካራና እንደ ኖራ የነጣ ውስጥ ነበር። አመስግና ወስዳ ቤቷ ብትፍቀው ሽማግሌው ባላወቁም ነበር። ነገር ግን ቁጥር መዋሸት የማይሆንላት ልጅ ሰው መዋሸትም አልሆነላትም።

«ጋሽ ሳህሌ፣ እጅዎ ይባረክ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልነግርዎት ቀረሁ። ውስጡ... መሻከር አለበት።»

«ምን አልሽ?»

«መሻከር።»

«አንቺ ልጅ! በዕድሜዬ ሰው አለስልስልኝ እንጂ አሻክርልኝ ብሎኝ አያውቅም። ተማርኩ ብለሽ በሽማግሌ ታሾፊያለሽ?»

ተቅዋ አልተከራከረችም። ከቦርሳዋ አምፖሏን አውጥታ በሚያብለጨልጨው ጎድጓዳ ውስጥ አበራችው። ብርሃኑ አንድ ቦታ ዓይን ያጠፋል፣ ሌላው ጋ ጨለማ ነው፤ አምፖሉን ስታዞረው ነጸብራቁም አብሮ ይሮጣል። ከዚያ ሶፍት ቆርጣ፣ በውሃ አርሳ፣ ውስጡን ሁሉ ለበጠችው። መልሳ ስታበራው ጎድጓዳው ወተት የሞላበት መሰለ። ብታዞረው ባታዞረው ያው ነው።

«መስታወቱ ብርሃኑን ወደ አንድ በኩል ይወረውረዋል። ሸካራው ግን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። ያኔ በየትኛውም በኩል ብለካው እኩል ነው።»

ጋሽ ሳህሌ አምፖሉን በራሳቸው እጅ ሦስት ጊዜ አዟዟሩት። «ይህንንስ መጽሐፋችን አልነገረንም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት አነሡ። «አምጪው፤ የወለወልኩትን እኔው አሻክረዋለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ። ውጪውን ግን አልሰጥሽም! እሱ ለኔ ያብለጭልጭ።»

ሉሉን ይዛ ስትመለስ የሚኒባሱ ረዳት በነገር አላስቀመጣትም። «እህት፣ ሠርጉ የት ነው? ድስቱ ለብቻው ወንበር ይዟል እኮ!»

«ብርሃን ልቀቅልበት ነው» አለችው፤ ታክሲው በሳቅ ሞላ።

ከሮሪሳ ጋር ውስጡን አምስት ጊዜ ነጭ ቀቡት። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አማካሪዋ ቆመው እያዩ ለካች። አምፖሉን አዞረችው፤ ለካች። እንደገና አዞረችው። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

«በይ፣ መጻፍ ጀምሪ» አሉ አማካሪዋ።

ተቅዋ ግን መጀመሪያ ስልኳን አነሣች። «ጋሽ ሳህሌ፣ ሦስቴም እኩል ወጣ!»

«እኩል ከወጣማ መዶሻዬም እኩል አርፏል ማለት ነው» አሉ ጋሽ ሳህሌ። «በይ አምፖሉን አምጪልኝ፤ የኔው ዛሬም ተቃጥሏል።»