ከባሕር የመጣ ድንጋይ ባኞ ውስጥ ይቆያል

አለቃው ባሌን በጥፊ ያጮለው ምፅዋ ላይ፣ መርከቡ ወለል ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ባሌ የመርከብ መካኒክ ነበር፤ ጥፊውን የቀመሰው ሞተሩን አዘገየህ ተብሎ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ ጆሮው አይሰማም፤ ቀኙም በሞተር ጩኸት ደክሞ ካላዞረው አይሰማበትም። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም ጡረታ ወጥቶ አዲስ አበባ ቀራንዮ ስንገባ፣ ከዚያ ሁሉ የባሕር ኑሮ የተረፈው አንድ የመስታወት ገንዳ፣ ሁለት ዓሦችና ያ ደንቆሮ ጆሮ ነበር።

ዓሦቹ ብርቱካንማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ወንድና ሴት ናቸው። የባሕሩን ውሃ ምፅዋ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር በጄሪካን ያመጣልናል። የሰፈሩ ሰው «እነዚያ ባሕር የሚቀልቡት» ይለን ነበር። ይበለን። ልጅ አልወለድንም። ባሌ ጠዋት ተነሥቶ መጀመሪያ «ደኅና አደራችሁ?» የሚለው እነሱን ነው፤ እኔ ተራዬን እጠብቃለሁ።

ቤታችን አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረው። ገንዳ ውስጥ የሚቀመጠው የባሕር ድንጋይ ሕይወት አለው፤ ቀዳዳው ሁሉ ትልና ዓይን የማያየው ፍጥረት የሞላበት ነው። ውሃውን የሚያጠራውም እሱ ነው። ነገር ግን ከላዩ ያለው ፍጥረት ግማሹ መንገድ ላይ ይሞታል። እንደመጣ ከከተቱት ብስባሹ የከረመውን ውሃ ይመርዘዋል። በዚያ ላይ ውስጡ ምን እንደተደበቀ አይታወቅም። ስለዚህ አዲስ ድንጋይ መጀመሪያ ጓሮ ካለው ባኞ ውስጥ፣ በባሕር ውሃ ተዘፍዝፎ፣ አየር እየተነፋለት ሳምንታት ይቆያል። ባሌ ውሃውን እየቀየረ ያሸተዋል። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተው ገና ነው። ባሕር ባሕር ሲሸት ብቻ ያስገባዋል።

የመድኃኔ ዓለም ዕለት አለቃው ሳይታሰብ መጣ። አዲስ አበባ ተዛውሮ ነበርና የጥንት ሰዎቹን እየዞረ ይጠይቃል። የባሌን ገንዳ ከምፅዋ ጀምሮ ያውቀዋልና፣ ከመኪናው በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የባሕር ድንጋይ አወረደ።

«ለአንተ ብዬ ነው በአውሮፕላን ያስመጣሁት። በል ክተተው፣ ልየው!»

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ ባኞ ውስጥ ትንሽ ቢቆይ...»

«ያመጣሁልህን ጓሮ ልትጥለው ነው?»

እንግዳ ይዞ የመጣውን፣ ዓይኑ እያየ፣ ጓሮ መውሰድ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ባሌን ይሉኝታ ያዘው። ግን እጁ ሄዶ ግራ ጆሮውን ሲነካ አይቻለሁ፤ ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። 

«ዓሦቹ ይሞቱብናል፣ ጌታዬ» አልኩ።

«እመቤት፣ የሰጠኋችሁ ድንጋይ ነው፤ ነብር አይደለም!» ብሎ ሳቀ። ባሌ ከተተው።

በማግሥቱ ጠዋት ማድ ቤት ሆኜ ቋ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። ምስማር በመዶሻ የሚመታ መሰለኝ። ደገመው። ባሌ ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል፤ ደንቆሮ ጆሮውን ወደሱ አድርጎ ስለነበር አልሰማም። ሮጬ ስደርስ ውሃው ደፍርሷል፣ ይገማል። ሴቷ ዓሣ ጎኗ ተቀዶ ትንፈራገጣለች። ከአዲሱ ድንጋይ ቀዳዳ አንበጣና ሸርጣን የተዳቀሉበት የሚመስል አውሬ ብቅ አለና ክርኑን ወርውሮ ጭንቅላቷን ፈጠፈጠው። ከዚያ ጎትቶ አስገባት።

ባሌ ጮኸ። እጁን ነክሮ ድንጋዩን ሲያነሣ እንደገና ቋ! አለ፤ አውራ ጣቱ እስከ አጥንቱ ተሰነጠቀ። አልለቀቀም። ደሙን እያንጠባጠበ ጓሮ ወሰደና ድንጋዩን ባኞው ውስጥ ወረወረው፤ መዶሻ አነሣ። የመጀመሪያው ምት የድንጋዩን ጫፍ ገመሰው፤ ሁለተኛው የባኞውን ጠርዝ። «ውሻ! የውሻ ልጅ! ሰው ፊት!» ይላል። የሚሰድበው አውሬውን እንዳልሆነ ገባኝ። ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ገፈተረኝ፣ ወደቅኩ። ተነሥቼ እንደገና ያዝኩት።

«ተወው! ሰውየው ይምጣና ይየው!»

መዶሻውን ጥሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ወንዱ ዓሣ አሮጌው ድንጋይ ሥር ተወሽቆ ተርፏል። በጄሪካን በተረፈን ውሃ ግማሹን ቀየርንለት፤ የቀዳነውን ድፍርስ ውሃ ባኞው ውስጥ ገለበጥነው። እሱም ከሞተ ባሌ ከአልጋ እንደማይነሣ አውቅ ነበር፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ዓሣውን መጠበቅ የኔም ሥራ ሆነ።

በሳምንቱ አለቃው «ድንጋዬ እንዴት ነው?» እያለ ገባ። ገንዳው ውስጥ ሲያጣው ፊቱ ተለዋወጠ። ጓሮ ሄዶ ባኞው ውስጥ አገኘው።

«አንተ ደፋር! አሁኑኑ መልሰህ ክተተው!»

«አይገባም» አለ ባሌ።

አለቃው እጁን አነሣ። ባሌ በዚያው በጨርቅ በተጠቀለለ እጁ አየር ላይ ቀለበው፤ አንጓውን ጠምዝዞ ባኞው ላይ አስጎነበሰው። ቁስሉ ተከፍቶ ደሙ በአለቃው ነጭ እጅጌ ላይ ወረደ።

«ድንጋይ ብቻ ከሆነ፣ ጌታዬ፣ እጅዎን ይክተቱበት።»

ጣቶቹ ውሃውን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ከሥር ቋ! አለ። አለቃው ሰማ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ እጁ እንዲገባ በጣም ፈልጌ ነበር። ባሌ ግን ሰውየው ምን እንዳስደነገጠው ግራ ገብቶት ወደኔ ዞረ።

«ምን ሆነ?»

«አንኳኳ» አልኩት።

ደኅናውን ጆሮውን ወደ ባኞው አዘነበለና እስኪደግመው ጠበቀ። የአለቃውን እጅ አልለቀቀም።