ስፕሪሱ ውስጥ የተሟሟው ኪኒን

ባለፈው ሳምንት ስድስት ኪሎ መምህራችን የአእምሮ ሕመም በየዘመኑ እንዴት ይታከም እንደነበረ ሲያስረዱን ቆዩ። መጨረሻ ላይ፣ «ለሕመምተኛው ጥቅም ሲባል ሳያውቅ መድኃኒት ማጠጣት ይገባል የምትሉ?» ብለው ጠየቁ። የክፍሉ ግማሽ እጁን አወጣ። ወትሮ ለመመለስ ብቸኩልም እኔ እጄን አላወጣሁም። በአፍንጮ በር በኩል ወደ ፒያሳ፣ ወደ ቤቴ ስወርድ የማስበው ስለ አክስቴ ነበር።

እትዬ አስካለ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ አብራን ትኖራለች። ስትታመም ሐኪም ያዘዘላት ኪኒን እንቅልፏንም ቀልዷንም መልሶላት ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ግን ድንገት አልውጥም አለች። ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወደ መንገድ እየወጣች ከዝናቡ ጋር ታወራ ጀመር። አጎታችን ጋሼ ደምሴ መንገድ ላይ መኪና እንዳይገጫት ፈሩ። «ካልዋጠች ነገ ጠዋት አስሬም ቢሆን ጠበል እወስዳታለሁ» አሉ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ከጁስ ቤት ስፕሪስ ገዝታ መጣች። ኪኒኑን በማንኪያ ጀርባ ደቁሳ፣ አቮካዶው ላይ በትና አማሰለችው።

«አንቺ ስጫት። ካንቺ እጅ አትጠራጠርም።»

«እሰጣታለሁ፤ ምን እንዳለበት ግን እነግራታለሁ።»

«አብደሻል? ነገ በገመድ ይወስዷታል እኮ!»

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

ብርጭቆውን ይዤ ገባሁ። «እትዬ፣ ኪኒኑ ውስጡ አለ» አልኳት።

ብርጭቆውን ትክ ብላ አየችው። «ከምትደቁሱት ለምን እንደተውኩት ብትጠይቁኝስ?»

«እሺ፣ ለምን ተውሽው?»

«ከቁርስ በኋላ ዋጪ ተባልኩ። ፍልሰታ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ የምን ቁርስ?»

«ታዲያ ለሐኪሙ አትነግሪውም?»

«እሱስ መች ጠየቀኝ! ለእብድ ጾም ምን ይሠራላታል ብሎ ይሆናል» አለችና ሳቀች። ስፕሪሱን ግን አልነካችውም።

እናቴ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ጠዋት ጋሼ ደምሴ ታክሲና ገመድ ይዘው ሲመጡ ደጁን ዘግታ ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው። ገመዱን ይመልሱት።»

«ጠበሉስ?»

«ጠበሉንም እሄዳለሁ» አለች እትዬ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «በእግሬ!»

ሐኪሙ ኪኒኑን ከእራት በኋላ እንድትወስደው አደረገላት። በዚያው ሰዓት እንደምትውጠው ነግራን፣ ፊታችን ዋጠችው። ጾሟንም ጨረሰች።

ሁሉም ነገር እንዲህ በቀላሉ ይፈታል ለማለት አይደለም። አምና ኪኒኑን እንደገና ትታ ታመመች። ያን ጊዜ የነገረችን ምክንያት ልንረዳው የማንችለው ነበር፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰማናት። ሐኪም ቤት የገባችው ሳትወድ ነው። ወዴት እንደምንወስዳትና ለምን እንደሆነ ግን በግልጽ ነገርናት። ስትሄድ ሰደበችን። አሁን ይህን የአእምሮ ሕመም ትምህርት ስማር መጽሐፉ የሚለውን ሁሉ በትጋት አጠናለሁ፤ አታሎ ማከምን ግን ማንም ቢያስተምረኝ አልሠራበትም። ታክማ ከወጣች በኋላ እናቴ ምሳ አቀረበችላት። እትዬ ሳታሸትት፣ ሳትገላልጥ በላች።