ቀኝ ትከሻዋ ላይ ብቻ የነበረው ሽቶ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ካርቱም ውስጥ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ ዘሀራ የምትባል የወሎ ልጅ የአሠሪዋን እናት ሽቶ ሰርቃለች ተባለች። የሱዳን ጦርነት ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት ነው። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ክስ ሰምቻለሁ። ይኼኛውን የማልረሳው እኔም ለግማሽ ሰዓት ያህል ስላመንኩት ነው።

የጠራችኝ አክስቷ ሉባባ ናት፤ ጀብራ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ጎረቤቴ ነበረች። ዘሀራ ከመጣች ገና ሰባት ወሯ ስለሆነ ዐረብኛዋ ለክርክር አይበቃም፣ አስተርጉሚላት አለችኝ። በአምጃድ ታክሲ ስንሄድ መንገዱን ሙሉ ታጉረመርም ነበር።

“ሽቶ? ሳሙና ሲሸታት የምታስነጥስ ልጅ! ወላሂ፣ ብትሰርቅ ስኳር ትሰርቅ ነበር።”

የቤቱ እመቤት ሰልማ ሳሎን ውስጥ ቆማ ጠበቀችን። ነገሩን በእርጋታ ነገረችን። አባቷ ከሞቱ ሁለት ወር ሆኗል። እናቷ ሐጃ፣ ኢዳ በሚባለው የባል ሀዘን ላይ ናቸው፤ ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፣ ሽቶም አትቀባም። ስለዚህ ሰልማ የእናቷን ሽቶዎች ሰብስባ ሳጥን ውስጥ ከታ ነበር። አንዱ ጠርሙስ ጠፋ። ያን ቀን ጠዋት ዘሀራ ትራስ ሥር ተገኘ፤ ግማሹ አልቋል። ለፖሊስ ተደውሏል። ፖሊስ ከወሰዳት ደግሞ ሥራዋም የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮ ያበቃል።

ዘሀራ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሰርቀሻል ወይ አልኳት። አልሰረቅኩም አለች። ታዲያ ማን ሰጠሽ ስላት ዝም አለች። አክስቷ ተቆጣች፣ ለመነች።

የሚናገር ሰው ሲጠፋ የሚታየውን ማጣራት ልማዴ ነው። ጠርሙሱን ከፍቼ አሸተትኩት። የአበባና የሚስክ ሽታ ነው፤ እንደ ሕፃናት ፓውደር ለስለስ ያለ፣ ገላ አጠገብ ካልደረሱ የማይሰማ ዓይነት። ቀጥዬ ዘሀራን አስፈቅጄ አሸተትኳት። አንገቷ ላይ የለም። እጇ ላይ የለም። ግራ ትከሻዋ ላይ የለም። ቀኝ ትከሻዋ ላይ ብቻ አለ።

ለራሱ ሽቶ የሚቀባ ሰው እንዲህ አይቀባም።

“በዚህ በኩል የሚደገፍሽ ማን ነው?” አልኳት።

ዓይኗ ወደ ተዘጋው የሐጃ ክፍል በር ሄደ። ሰልማም አየቻት። ሐጃን ለውዱእ፣ ለሶላት ትጥበት፣ የምታነሣቸው፣ ደግፋ የምትወስዳቸው ዘሀራ ነበረች።

ሰልማ በሩን ከፈተችው። ሐጃ ነጭ ቶባቸውን ለብሰው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ጠርሙሱን ከሳጥኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እንድታስቀምጥልኝም የሰጠኋት እኔ ነኝ አሉ። ሟቹ ባላቸው ከዚህ ሌላ ሽቶ ገዝተውላቸው አያውቁም።

“እኔ አልተቀባሁም” አሉ ልጃቸውን እያዩ። “እሷ ተቀባች፤ እኔ ተደገፍኳት።”

የባሏን ሀዘን አፈረሰች እንዳይባሉ ፈርተው ዘሀራን አስምለዋት ነበር። ይህን ስተረጉምላት ነው ልጅቷ ያለቀሰችው።

“ለእኔ እንኳ አይነገርም? አንቺ ድንጋይ” አለቻት ሉባባ።

“ወላሂ ብያቸዋለሁ እኮ፣ አክስቴ።”

ሰልማ ስልኳን አንሥታ ፖሊሱ እንዳይመጣ ነገረችው። ለዘሀራ “ማዕለሽ”፣ ይቅርታ እንደማለት፣ አለቻት፤ ካርቱም ውስጥ አውቶቡስ ላይ የሰው እግር ሲረገጥም የሚባለው ይኸው ነው። ከዚያ እናቷ ክፍል ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ዘሀራ ተነሥታ የምሳውን ድስት ልታይ ሄደች።

ጠርሙሱ ትራስ ሥር መገኘቱ ለእኔም በቂ መስሎኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዘሀራ ጦርነቱ እስኪጀመር እዚያው ቤት ሠርታለች። ከሐጃና ከሰልማ ጋር በአንድ አውቶቡስ ሸሽታ ፖርት ሱዳን ገብታለች፤ ይህን ከራሷ በስልክ አረጋግጫለሁ።