ጎዶሎ ቦቴ

ነገሌ ቦረና ውሃ አመላላሽ ቦቴ ላይ የተቀጠርኩ ዕለት ከከብት ጫኝ አይሱዙ ወርጄ ነበር የመጣሁት፤ ደረቴን ነፍቼ። አንጋፋው ሹፌር ኦቦ ጃርሶ "አካም፣ ናጋ?" ብለው ሰላምታ ሰጥተው ቁልፉን አቀበሉኝ። "በል፣ መጀመሪያ ባዶውን ንዳው።" ነዳጅ ስረግጥ መኪናው ዘለለ። ሞልተን ስንመለስ ያው ሞተር አቃሰተ።

"ጉልበቱ ያው ነው፤ የበዛው ጭነቱ ነው" አሉኝ። "ለመነሳት ያስቸገረህ ለመቆምም ያስቸግርሃል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጎዶሎው ነው። አንተ ፍሬን ትይዛለህ፤ ውሃው መች ሰማ!"

ለዚህ ነው ቦቴ ውስጡ በብረት ግድግዳ የሚከፋፈለው። ግድግዳዎቹ ቀዳዳ ስላላቸው ውሃው ቀስ ብሎ ያልፋል እንጂ ባንዴ ወደ ፊት አይሮጥም። የኛዎቹን ዝገት በላቸው። ባለንብረቱ በአዲስ እንደ መተካት አስቆርጦ አወጣቸው። ኦቦ ጃርሶ ቢሮው ድረስ ገብተው ተናገሩ፤ እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።

"እርስዎ ደግሞ! ሞልተው ከነዱ ምን ችግር አለው?" አላቸው።

ሞልተው! በዚያ ድርቅ፣ በአሬሮ መንገድ፣ ሞልቶ የሚደርስ ቦቴ የት አለ? እረኛ ጄሪካኑን አንስቶ መንገድ ላይ ከቆመ ትቆማለህ። ውሃ የጠየቀህን ጥለህ ማለፍ እዚያ አገር ነውር ነው። ባለንብረቱ የነገሌ ልጅ ነው፤ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

አንድ ቀን ወባ ይዞኝ ተኛሁና ኦቦ ጃርሶ ብቻቸውን ሄዱ። እየቆሙ ሲያጠጡ ቦቴው ግማሽ ደረሰ። ወደ ዳዋ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት፣ መታጠፊያው ላይ ከብት ገባባቸው። ፍሬን ያዙ። ውሃው ከኋላ መጥቶ ገፋቸው፤ መሪ ሲያዞሩ ደግሞ ወደ ጎን ተደፍቶ መኪናውን ገለበጠው። እዚያው ሞቱ። የከብቶቹ ባለቤት "ኧረ ቀስ ብለው ነበር የሚመጡት" አለን።

ባለንብረቱ ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ "ምን ይደረግ፣ ፍጥነት ያበዙ ነበር" አለ።

ደሜ ፈላ። "እሳቸው? ግድግዳውን ማን አስወጣው?"

"ውሃ መኪና ሲገለብጥ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ ረጋ ብሎ። ሽማግሌዎቹ ለቅሶ ቤት ነው ብለው እኔኑ ዝም አሰኙኝ።

ስወጣ የኦቦ ጃርሶ ባለቤት አዴ ሎኮ ደጅ ድረስ ተከተሉኝ። "ልጄ፣ እውነት ያከንፉ ነበር?"

"በፍጹም።"

"እንግዲያ ለልጆቻቸው ማን ይንገርልኝ? ሰፈሩ የሚያወራው ሌላ ነው።"

ብዙም ሳይቆይ ባለንብረቱ የቀሩትን ቦቴዎች ጋራዥ አስገባ። ሲወጡ ክዳን ከፍቼ አየሁ፤ ሁሉም አዲስ ግድግዳ ተበይዶላቸዋል። ቁልፍ ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም። ልጆቼን የማበላው ከዚያው ነበርና ተቀበልኩት፤ እስከ ጡረታዬም ነዳሁ። ነገሌ ዛሬም ኦቦ ጃርሶን ሲያነሳ "ያ ፍጥነት የገደለው" ይላል። ያቃጥለኛል።

ቦቴ የምትነዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ውስጡን በባትሪ እዩ። ግድግዳ ከሌለው አትንዱት። ከተገለበጣችሁ የሚባለው "ፍጥነት ነው" ነው።